የተጣለች ድመትን ስለ ማንሣት

ልጆች ሆይ፥ ርኅራኄ መልካም ነገር ነው። የተራበውን አይቶ ፊትን ማዞር፥ ብርድ የመታውን አይቶ በርን መዝጋት የጨካኝ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምነግራችሁ ርኅራኄ ስለሌለው ሰው አይደለም፤ ርኅራኄ እያለው ዕውቀትና ትዕግሥት ስለጎደለው ሰው ነው። ያም ሰው በልጅነቴ እኔ ራሴ ነበርሁ።

ሐረር ጁገል በግንብ የተከበበች ጥንታዊት ከተማ ናት። ግንቧን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር አሠሩት፤ የጥንት በሮቿም አምስት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ስሟ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከአምስቱ በሮች በምሥራቅ በኩል ያለው ኤረር በር ይባላል። በዚህ በር ገበሬዎች ከገጠር እንጨት በአህያ ጭነው፥ ሴቶችም አትክልትና እህል ተሸክመው ይገባሉ። እህል ባለበት አይጥ አይታጣም፤ አይጥ ባለበትም ድመት አይታጣም። ስለዚህ በጠባቡ መንገድ ሁሉ በግንብ ጥላ ሥር ድመት ተኝታ ትታያለች። ድመት የጎተራ ዘበኛ ናት፤ ደመወዝ ሳትጠይቅ ታገለግላለች።

ነገር ግን ድመቲቱ በወለደች ጊዜ ውለታዋን የሚረሱ ሰዎች አሉ። ግልገሎቿን በጆንያ ከትተው ከበር ውጭ ይጥሏቸዋል። በዚያ ብርድ አለ፥ ረኃብ አለ፥ በሌሊትም ጥራጊ ሊበላ የሚመጣ ጅብ አለ።

እኔም የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በክረምት ወራት አንድ ማለዳ፥ በኤረር በር አጠገብ አንዲት የድመት ግልገል አገኘሁ። ዝናብ ደብድቧት ትንቀጠቀጥ ነበር። አንሥቼ በነጠላዬ ጠቀለልኋትና ወደ ቤት ሮጥሁ። በመንገድም ሳለሁ እንደ እኔ ያለ ደግ ልጅ በከተማው ውስጥ እንደሌለ አሰብሁ።

ቤት በደረስሁ ጊዜ ጠጕሯ ቁንጫ ብቻ ሆኖ አየሁ። ጓደኛዬ፥ «ቁንጫን ላምባ ይገድለዋል» አለኝ። እኔም ጨርቅ በላምባ ነክሬ ሰውነቷን ሁሉ አሸሁት። ቀጥሎም የላም ወተት በሣህን ሞልቼ አቀረብሁላት፤ ጠጣች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ስላየሁ፥ «እነሆ ጠገበች» ብዬ ደስ አለኝ። በመሸም ጊዜ እናቴ ሳታይ ከእኔና ከታናሽ እኅቴ መኻል አስተኛኋት።

በሦስተኛው ቀን ግልገሏ ሞተች። ላምባውን ቆዳዋ ጠጥቶታል፥ እሷም ጠጕሯን ስትልስ ውጣዋለች። የላሙ ወተት ተቅማጥ አምጥቶባታል። ሆዷንም የነፋው ጥጋብ አልነበረም፤ ትል ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በእኅቴ አንገትና ክንድ ላይ ክብ ክብ ጭርት ወጣባት። እናቴ፥ «ልጄ፥ ይህ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ቅጣት ፈርቼ፥ «አላውቅም» አልሁ። እናቴም ምክንያቱን ሳታውቅ አንድ ጊዜ ቅባት፥ አንድ ጊዜ ቅጠል ትሞክር ነበር፤ አልጋውንና ልብሱንም የሚያጥብ አልነበረም። በመጨረሻም ጭርቱ ወደ ራሷ ወጥቶ ጠጕሯ ተላጨ። እኅቴ በዚያ ወራት ከቤት መውጣት እያፈረች ስታለቅስ እሰማት ነበር። እውነቱን የነገርሁ በዚያን ጊዜ ነው። ልጆቼ፥ ግልገሏን የገደላት አለማወቄ ነው፤ እኅቴን ያስለቀሳት ግን ውሸቴ ነው። አለማወቅን በመማር ይድኑታል፤ ውሸት ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም ይሸሽጋል።

አሁን ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሥራ የሠራችውን ልጅ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼ አንዲቱ በዚያው በኤረር በር አቅራቢያ በተቀደደ ቅርጫት ውስጥ ሁለት ግልገሎች አየች፤ አንዲቱ ጥቁር፥ አንዲቱ ቡራቡሬ። ወዲያው አላነሣቻቸውም። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ እንደ ሆነ ብላ ራቅ ብላ ተቀምጣ እስኪመሽ ጠበቀች። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። እናት ለግልገሎቿ ከሰው ሁሉ የተሻለች ሞግዚት ናትና፥ እናት ያላትን ግልገል ማንሣት ማዳን አይባልም፤ ከእናት መንጠቅ ነው። እናቲቱ ባልመጣች ጊዜ ግን ልጅቱ ግልገሎቹን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ በካርቶን ሣጥን አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፥ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እኔም፥ «የማይደረገውን አውቃለሁ፤ የሚደረገውን ግን ከእንስሳት ሐኪም እንጠይቅ» አልኋት። የዚያን ሌሊት ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ከሣጥኑ በአንድ ወገን አኖርን፤ ሲበርዳቸው እንዲጠጉ፥ ሲሞቃቸውም እንዲርቁ። የበረዳት ግልገል ምግብ ሊፈጭላት አይችልምና፥ ከመመገብ አስቀድሞ ማሞቅ ይገባል። ሣጥኑም ከመኝታ ቤትና ከማድ ቤት ርቆ፥ ከቤቱም ድመት ተለይቶ ለብቻው ተቀመጠ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ግልገሎቹን እንደ መጽሐፍ አነበባቸው። ምን እንዳነበበ ስሙ።

አስቀድሞ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጎ ድዳቸውን አየ። የጤነኛ ግልገል ድድ ቀይነት ያለው ነው፤ የእነዚህ ግን ነጥቶ ነበር። ምክንያቱም ቁንጫ ነው። ለትልቅ ድመት ቁንጫ ማሳከኪያ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። ግልገል ግን ስትወለድ 100 ግራም ያህል ብቻ ናት፤ በሰውነቷም ያለው ደም ጥቂት ነው። ብዙ ቁንጫ በአንድ ላይ ሲጠጣት ደሟ አልቆ ልትሞት ትችላለች።

ቀጥሎ ጆሮአቸውን ተመለከተ። በውስጡ የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር እድፍ ሞልቶበታል። ይህን የሚያመጣ በጆሮ ውስጥ የሚኖር፥ በዓይን ሊታይ የሚያስቸግር ጥቃቅን ተባይ ነው። ግልገል ራሷን ደጋግማ ስትነቀንቅ፥ ጆሮዋንም እስኪደማ ስታክክ ብታዩ ይህን አስቡ። በእንጨት ወይም በላባ አትጎርጉሩ፤ የጆሮውን ታምቡር ትቀዳላችሁና። ሐኪም የሚሰጠው ጠብታ ይበቃል።

ዓይኖቻቸውም በመግል ተጣብቀው ነበር። ይህ በግልገሎች ዘንድ የተለመደ የጉንፋን በሽታ ነው፤ ከአንዱ ድመት ወደ ሌላው በማስነጠስ ይተላለፋል። ተፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ ቀስ ብሎ ማራስና መጥረግ ይገባል፤ ለአንዱ ዓይን የነካው ጨርቅ ግን ሌላውን አይንካ። የዓይን መድኃኒቱን የሚመርጥ ሐኪሙ ነው። ችላ ቢሉት ዓይን ይጠፋል።

ከዚያ ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ የተነፋ ነው። «ይህ ወስፋት ነው» አለ። ወስፋት እንደ ነጭ ክር የረዘመ ትል ነው። እንዴት እንደሚገባባቸው ብትሰሙ ትደነቃላችሁ። የትሉ ጫጩት በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቈይና፥ በምታጠባበት ጊዜ ነቅቶ ከወተቷ ጋር ወደ ግልገሎቹ ይገባል። ስለዚህ ግልገል ገና ዓለምን ሳታይ ትል ይኖርባታል። የእርሷም የእናቷም ጥፋት አይደለም። «ቆሻሻ ናት፥ ጣሏት» የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ሌላም ትል አለ፤ እርሱም እኛ ኮሶ ከምንለው ወገን ነው። ቍርጥራጩ በጅራቷ ሥር ወይም በመኝታዋ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ሆኖ ይታያል። ይህ ደግሞ የሚመጣው በቁንጫ ነው። የቁንጫው ጫጩት የትሉን እንቁላል ይበላል፤ ቁንጫውም ያድጋል፤ ድመቲቱም ጠጕሯን ስትልስ ቁንጫውን ትውጠዋለች፤ ትሉም በሆዷ ይበቅላል። እንግዲህ ቁንጫውን ሳያጠፋ ትሉን ብቻ የሚያክም ሰው፥ ቀዳዳውን ሳይደፍን በእንስራ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ነው።

በመጨረሻም በቡራቡሬዋ ጆሮ ጫፍ ላይ ጠጕር የሌለው ክብ ስፍራ አገኘ። ይህ በእኅቴ ላይ የወጣው ጭርት ነው። ጭርት ትል አይደለም፤ በዋለ እንጀራ ላይ እንደምታዩት ሻጋታ ያለ ነገር ነው። ዘሩም በልብስና በምንጣፍ ላይ ብዙ ወራት ይቈያል። ድመትንም ሰውንም ይይዛል።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ልክ ስለ ሆነ ሐኪሙ ግልገሎቹን መዘነ። በየጊዜውም እንድትመዝናቸው አዘዛት። በቤቷ ሚዛን አልነበረም፤ ስለዚህ በገበያ ያለ አንድ የምስማር ሻጭ ለምና፥ ግልገሎቹን በሣጥን አድርጋ በየሳምንቱ ትመዝን ነበር፤ ክብደታቸውንም በደብተሯ ጻፈች። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀባት፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን፥ «ዛሬ ስንት ጨመሩ?» ብሎ ቀድሞ ጠየቃት።

የትሉም መድኃኒት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አይበቃም። መድኃኒቱ በአንጀት ያለውን ትል ይገድላል፤ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው ግን ይቀራል፤ እርሱም በኋላ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ እንዲደገም አዘዘ። «አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ፥ ይበቃል» ማለት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ነው። ቁንጫውንም ጥርሱ በጠበበ ሚዶ አበጥራ፥ ሚዶውን በሳሙና ውኃ እየነከረች ለቀመችው። መኝታቸውንም በፈላ ውኃ አጥባ በፀሐይ አሰጣችው፤ የቁንጫ እንቁላል የሚወድቀው ከመኝታ ላይ ነውና።

ልጆች ሆይ፥ ለሰው የሚሆን መድኃኒት ሁሉ ለድመት አይሆንም። አባቶቻችን ኮሶንና እንቆቆን ለሰው ትል መድኃኒት አድርገው ተጠቅመዋል፤ ጠንካራውን ሰው እንኳ የሚያዳክም መድኃኒት ለአንዲት ግልገል እንዴት ይሰጣል? ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ፓራሲታሞልም የድመት ጉበት ሊያስወግደው የማይችል መርዝ ነው። ለውሻ ቁንጫ ከሚደረጉት መድኃኒቶችም ድመትን የሚገድሉ አሉ። ላምባን ግን ስለ እኔ ግልገል ብላችሁ ፈጽሞ አትንኩ።

ሁለቱ ግልገሎች ምን ሆኑ ትሉ ይሆናል። ቡራቡሬዋ ዳነች። ጥቁሪቱ ግን በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ደሟ አስቀድሞ አልቆ ነበርና። ልጅቱም ደብተሯን ይዛ መጥታ፥ «መምህር፥ የተባልሁትን ሁሉ አድርጌ ነበር፤ ስለ ምን ሞተችብኝ?» ብላ አለቀሰች። እኔም ደብተሯን ገልጬ ቍጥሮቹን አየሁ፤ አንድም ቀን አልዘለለችም። «ልጄ፥ የእኔ ግልገል በእጄ ሞተች፤ ያንቺ ግን በእጅሽ ላይ ሞተች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው» አልኋት። መልካም ሥራ ሁሉ እንደ ተመኘነው አይፈጸምም። እኛ የምንጠየቀው ስለ ትጋታችን ነው እንጂ፥ ፍጻሜውስ በእጃችን አይደለም።

አሁን ስለ ራሳችሁ ጤና ስሙ። ግልገል የነካ እጅ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ ይልቁንም ከመብላት በፊት። የድመት ወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ በአፈር የሚጫወት ልጅ ሳይታጠብ ቢበላ ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ይዞራል፤ አንዳንድ ጊዜም ዓይንን ይጎዳል። ሌላም በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ አለ፤ ቶክሶፕላዝማ ይባላል። በአዲስ አበባ በመንገድ ድመቶች ላይ ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፥ ከተመረመሩት አብዛኞቹ ይህ ተሐዋሲ እንዳገኛቸው ታውቋል። ይህ ለነፍሰ ጡር ሴት፥ በማኅፀኗም ላለው ሕፃን ያሰጋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት የድመት ኩስ አትጥረግ። ሌላው የቤት ሰው ግን በየቀኑ ይጥረገው፤ ይህ ተሐዋሲ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ እስኪበቃ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታልና። በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ከበሽታው ይቀድማል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ድመት ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ግን ከሁሉ ይልቅ ፍጠኑ። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ድመትም ልታመጣው ትችላለች። ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ፤ ለወላጆቻችሁም ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885) በፓሪስ ከተማ ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ እብድ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት እንዲድን አደረገ። ያ ልጅ የዳነው እናቱ ሳትዘገይ ወደ ሊቁ ስላመጣችው ነው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የመነከስን ነገር ከመሸሸግ የሚበልጥ ሞኝነት አላውቅም።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ለሰው ያልበቃ ሳሙናና መድኃኒት ለድመት ይባክናልን?» ይላሉ። ይህ ነገር ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም፤ ችግር ያለበት ቤት ብዙ ነውና። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ድመትን ለማከም የታጠበው እጅ የልጁ እጅ ነው። በፀሐይ የተሰጣው ምንጣፍ የቤተ ሰቡ ምንጣፍ ነው። የጠፋው ቁንጫም ሰውንም የሚነክስ ቁንጫ ነው። ለድመት የተደረገ ንጽሕና ለሰው ይተርፋል እንጂ ከሰው አይቀነስም። ደግሞም አቅም የሌለው ልጅ ድመቲቱን ወደ ቤት ካላስገባ ጨካኝ ነው አልልም። ንጹሕ ውኃ በጥላ ሥር ማኖር፥ በድንጋይ የሚደበድቧትን ልጆች መከልከል፥ አቅም ላለው ሰው መንገር ርኅራኄ ነው።

ሌሎች ደግሞ፥ «ግልገል ሁሉ በሽተኛ ናትና አትንኩ» ይላሉ። በሽታ እንዳለባት እውነት ነው፤ በሽታዋ የሚታከም መሆኑም እውነት ነው። ፍርሃት ግማሹን እውነት ብቻ ይዞ ይሮጣል። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ኬላ አለ፤ ለሐረርም ቅርብ በሆነው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩበት ኮሌጅ አለ። በእነርሱ ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። እንዳትወልድ የሚደረግ ሕክምናም አለና፥ ግልገል በጆንያ ከመጣል እርሱ ይሻላል።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ግልገልን ከመንገድ ማንሣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ያደርገዋል፤ ያየም ሁሉ ያመሰግነዋል። ርኅራኄ የሚፈተነው ግን በማግሥቱ ነው፤ ኩስ በሚጠረግበት፥ ቁንጫ በሚለቀምበት፥ መድኃኒቱ በሚደገምበት ቀን ነው። ያን ጊዜ የሚያመሰግን ሰው የለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ራሴን አመሰገንሁ፤ በሦስተኛው ቀን መቃብር ቈፈርሁ።

ቡራቡሬዋ ድመት ዛሬ አድጋ በልጅቱ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ጎተራውንም ትጠብቃለች። የጆሮዋ ጫፍ ጠጕር አብቅሏል። እናንተም በኤረር በር ወይም በመንደራችሁ መንገድ የተጣለች ግልገል ብታዩ፥ አስቀድማችሁ እናቷን ጠብቁ፤ ቀጥላችሁ ዐዋቂ ጠይቁ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ያደረጋችሁትንም ለወላጆቻችሁ አትሸሽጉ።